ደርሻለሁ ያለው ሾፌር

ሾፌር ተክለወልድ ፋብሪካችን የደረሰው ገና መተሐራ ላይ ሳለ ነው። ጭነቱ መጋዘናችን ገብቶ ተደረደረ፤ እሱና መኪናው ግን መንገድ ላይ ቀሩ።

እኔ ዱከም የሚገኘው የጫማ ፋብሪካ የሲስተም ክፍል ኃላፊ ነኝ። ይህን የምለው ደረቴን ነፍቼ ነው። ከሲስተሙ በፊት ቆዳ ፋብሪካው እኛ የምንፈልገውን አያውቅም፣ እኛም ወደብ ላይ ምን እንዳለን አናውቅም ነበር። ቆዳው ሲመጣ ሶሉ ይጠፋል፣ ሶሉ ሲመጣ ማስቲሹ ያልቃል፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል። አሁን ቆዳ ፋብሪካው፣ የወደቡ መጋዘን፣ መኪኖቹና የእኛ ማምረቻ በአንድ ስክሪን ይተያያሉ። እዚህ ሶል ሲያንስ ጅቡቲ ይሰማል። ከሌሎች ፋብሪካዎች እየመጡ ያዩናል፤ የማስጎበኛቸውም እኔ ነኝ።

ለሾፌሮቹ ስልክ ሰጠናቸው። ሲነሡ «ተነሥቻለሁ»፣ ሲደርሱ «ደርሻለሁ» የሚለውን ይጫናሉ። ሲስተሙ የሰማውን ሁሉ ስለሚያምን ያልሆነ ነገር እንዳይነግሩት አስጠነቀቅኳቸው። እሺ አሉ። ግን የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ «ደርሻለሁ» ካለ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ውሸት ልንለው አንችልም፤ የሚጠብቀው ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ ነው። ተክለወልድም መተሐራ ላይ ምሳ አዝዞ ሲጠብቅ «ደርሻለሁ»ን ተጫነ።

የጫነው ሶል ያኔውኑ መጋዘናችን ገባ። የግቢው በር እንዳልተከፈተ ጥበቃው ምሎ ተናግሯል። ካርቶኖቹ ላይ የመተሐራ ጥቁር አቧራ ነበር። ሥራው ሊቆም ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ማንም ብዙ አልጠየቀም። ለጠፍን፣ አሸግን፣ በቀኑ ላክን። ሥራ አስኪያጁ ሁሉም እያየ እጄን ጨበጠኝ።

ተክለወልድ ምሳውን በልቶ ተነሣ። መኪናው ቀሎታል። ሲነዳ ውሎ መተሐራ ደረሰ። በማግስቱም፣ ከወር በኋላም ሲነዳ ውሎ መተሐራ ደረሰ። ደውሎ ሲነግረኝ ሲስተሙን ተመለከትኩ። እዚያ ላይ እሱ የደረሰ ሰው ነው፤ የደረሰ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይደርስም። መድረሱ እንዲሰረዝ ጭነቱ መመለስ አለበት። ጭነቱ ግን ጫማ ሆኖ ባሕር ተሻግሯል፤ ሰዎች ተጫምተውት ይሄዱበታል።

ሚስቱ ዘርፌ እኛው ጋ ነው የምትሠራው። እነዚያን ሶሎች የለጠፈችው እሷ ናት፤ እጇ የነካው እንደማይላቀቅ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። ማታ ማታ የባሏን ራት ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ራሷ ትበላዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጥታ ወደ እኔ ገባች። እሱ፣ ባሌን አምጡልኝ ብትለው፣ ፋብሪካው ሲስተሙ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ እንደማያውቅ፣ ይህን ስም ማጉደፍ እንደማይፈልግ ነግሯታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልፈለግሁም። ፊቷን ሳይ ግን ወንበር ሳብኩላት።

«አቶ ምንተስኖት፣ ሲስተሙ የሰማውን ያምናል አይደል?»

«ያምናል።»

«እንግዲያው ጭነቱ ተመልሷል ይበሉት።»

«አልተመለሰማ።»

«ባሌስ መቼ ደርሶ ነበር?»

ዘርፌ ቁጭ አለች።

«ወይስ የእርስዎ ሲስተም ማምጣት እንጂ መመለስ አይችልም?»

ይህን ያለችው አውቃ ነው። የእኔን ሲስተም አይችልም ያለ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። «ተመልሷል» የሚለውን ተጫንኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተክለወልድ ደወለ። የመኪናው ባሌስትራ በጭነት ብዛት ዝቅ ብሏል፤ የመተሐራው የፈንታሌ ተራራም ኋላው ቀርቷል። አዳማ ሲገባ እንደገና ደውሎ፣ ከልማዱ የተነሣ፣ ደርሻለሁ ልበል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ዘርፌ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እንዳትነካው። በሩን ብታይ እንኳ እንዳትነካው። እኔ እጅህን ስይዝህ ነው የደረስከው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው በር ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ጥበቃው በሩን ከፈተ። ዘርፌ መወጣጫው ላይ ቆማ በመስኮቱ እጁን ያዘችው፤ እሱም በሌላው እጁ «ደርሻለሁ»ን ተጫነ። ሲስተሙ ጭነቱ በቀኑ እንደገባ መዘገበ። መዘግየት የለም። ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሸራውን ስንገልጥ ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ነበሩ። አንዱን ከፈትኩ። ሶሎቹ ተረከዛቸው አልቋል፤ የማናውቀው አገር እርጥብ ቅጠል ተጣብቆባቸዋል። ገና ይሞቃሉ። ዘርፌ አንዱን አንሥታ ገለበጠችው። ከጫማው ተቦጭቆ የመጣ ቆዳ፣ ከቆዳው ላይ ደግሞ የካልሲ ቁራጭ ነበረበት።

«ማስቲሹ አልለቀቀም» አለች ለባሏ፣ ፊቷ እየበራ። «የእኔ እጅ እኮ ነው።»

ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት ሶሎች፣ የሚራመድ ሰው እግር ሥር እንዳሉ፣ አንዴ ግራው አንዴ ቀኙ፣ ወገባቸው ላይ እየታጠፉ ይዘረጋሉ።