በሩዝ ውሃ የተሣለ ሰው

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ አረፍ በሉና ስለ እትዬ ሰርካዲስ ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጅ 1986 ነው። በስደት አገር፣ ሞርስ ሮድ ከሚባል ጎዳና አጠገብ ትኖርበት በነበረው አፓርታማ ማንኪ የምትባል ህንዳዊት ጎረቤት ነበረቻት፤ ከዱር አገር ሰዎች ወገን፣ ነርስ ልጇን ሱማንን ልትድር የመጣች። በማንኪ መንደር ግድግዳ ሳይሣል ሙሽራ አይዳርም። የሚሥሉትም ባሎቻቸው በሕይወት ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ያውም ከሁለት ያላነሱ። አንዷ ራሷ ማንኪ፤ ሁለተኛዋስ? ሠርጉ ነገ ነው፣ በረዶው መንገዱን ዘግቶታል። የሰርካዲስን የጋብቻ ቀለበት አይታ ኖሮ መጥታ በሯን አንኳኳች።

ሰርካዲስ ስትገባ ግድግዳው በግሮሰሪ ቡናማ ወረቀት ተሸፍኗል። በላዩ ላይ እንደ ነጭ ቀለም በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት ውሃ የተሣሉ ቀጫጭን ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን ይጨፍራሉ። የበረዶው ብርሃን በመስኮት ሲያርፍባቸው እግራቸው የተንቀሳቀሰ መሰላት፤ ከበሮም የሰማች መሰላት።

ማንኪ መሣያውን የቀርከሃ ስንጥር ሰጠቻትና በልጇ አስተርጓሚነት ጠየቀቻት።

«ባልሽ አለ አይደል?»

ስንጥሩ ከእጇ ወደቀ። ባሏን ወታደሮች ከወሰዱት ዘጠኝ ዓመቱ፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። አለ ብትል፣ ምናልባት ሞቶ ከሆነ የሰው ልጅ ትዳር ልታበላሽ ነው። የለም ብትል ደግሞ በገዛ አፏ ልትገድለው ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«አላውቅም» አለች፤ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

ማንኪ እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ነገር ጠየቀች። «አልቅሰሽለታል ወይ ነው የምትልሽ» አለች ሱማን።

«መርዶ ሳይመጣ ማን ያለቅሳል?»

«እንግዲያ ባለባል ነሽ» አለች ማንኪ። «ቶሎ በይ፣ የሩዙ ውሃ ይደርቃል።»

ሱማን ራሷ፣ ትዳሩ የእሷ ነውና፣ ስንጥሩን አንስታ አስያዘቻት።

ሰርካዲስ በጨፋሪዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ፈልጋ አንድ ረጅም ሰው ሣለች። ግራና ቀኝ ያሉትን እጁን አስያዘቻቸው። ሱማን ማን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ስሙን ነገረቻት። እናትና ልጅ ምላሳቸው እየተሳሰረ ስሙን ተቀባበሉት፣ እስኪለምዱት ድረስ፣ ሰርካዲስም እያረመቻቸው ሳቀች።

ወልደሚካኤል ነው ስሙ፣ ልጆቼ። እናንተም እባካችሁ ያዙልኝ።