ድንጋይ ሆድ

ባሌን በበርጩማ እንደመታሁት ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። አንዳንዱ ቀንታ ነው ይላል፣ አንዳንዱ አብዳ ነው ይላል። ቅናትም እብደትም አይደለም። ወንድሜን እየገደለው ነበር፤ ያውም እየተጨበጨበለት።

ባሌ ቦክሰኛ ነበር። ሪንግ ውስጥ ማንም መሬት አስነክቶት ስለማያውቅ «ብረቱ» ይሉታል። ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ከገበያው ጀርባ አንድ አሮጌ መጋዘን ተከራይቶ ክለብ ከፈተ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው አግዳሚ ላይ የቦክስ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል፤ መስኮቱ ቢከፈትም ባይከፈትም የላብና የቆዳ ሽታ አይለቀውም። እኔ ፊት ለፊቱ ባለች ጠባብ ክፍል ፀጉር እሠራለሁ። የጡጫውን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምጎነጉነው። አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ ትበረግጋለች፣ ጎንጉኜ ስጨርስ ለምዳዋለች።

በዚያ ክለብ ባሌ ያወጣው አንድ ደንብ ነበር። ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም ተራ በተራ ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛል። ባሌ በአሸዋ የተጠቀጠቀውን የቆዳ ኳስ ከላይ ሆዱ ላይ ይለቅበታል። ከዚያ ያስነሳውና ጓንት ሳያደርግ በቡጢ ይደግመዋል። በመጨረሻ ሆዱን በሁለት ጣቱ ተጭኖ ያያል። ከጠነከረ «ድንጋይ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌሎቹም «ድንጋይ! ድንጋይ!» እያሉ ጀርባውን ይደልቁታል። ከለሰለሰ «ሊጥ» ነው። አንዴ ሊጥ የተባለ ሰው ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ስሙ እሱ ነው። «በቃኝ» ያለ ደግሞ በሩን ያውቀዋል።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀጭንም ነው፤ ሥራውም መልኩም ስለገጠመ «መርፌ» እንለዋለን። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ «እትዬ» ይለኛል። የሚሠራበት ሱቅ ባለቤት አዲስ የተሰፋውን ሱፍ ልብስ ለመርፌ እያለበሰ በር ላይ ያቆመዋል። ትከሻው ላይ ኮት ያምራል፤ አላፊ አግዳሚው እሱን አይቶ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ባለሱቁ የኮቱን ቁልፍ ሲቆልፍለት ጨርቁ ሆዱ ላይ ወጠር አለ። «መርፌ ቋጠሮ አወጣ!» አለ ባለሱቁ፤ ሱቁ ሙሉ ሳቀ። «ይሄ ነገር ካልጠፋ ሌላ ሰው አቆማለሁ» ብሎ ጨመረበት። ሌላው ሰው ቢሆን ስቆ ይረሳው ነበር። የኔ ወንድም ግን ነገር ያመነዥጋል።

ያንን ጉደኛ ሆድ አሳየኝ። ከእምብርቱ በታች እፍኝ የማትሞላ ስብ ቁጭ ብላለች። «ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ እንዴ?» አልኩት። አልሰማኝም። እራት መብላት ተወ። ጉንጩ ገባ፣ ክንዱ ከሳ፣ ስቧ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ስፌት መኪናው ላይ ሲያልበው ዋለ፤ ትርፉ ሽፍታ ሆነ።

በግድ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ መዘነችው፣ ቁመቱንና ወገቡን ለካችው፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«ክብደትህ እኮ ልክ ነው። የምትቀንሰው ኪሎ የለህም» አለችው። «ሆድ ደግሞ ለብቻው ተመርጦ አይቀልጥም። ምግብ አትተው። ለስላሳውንና ጣፋጩን ቀንስ፣ በደንብ ተኛ፣ በእግርህ ሂድ፣ መላ ሰውነትህን የሚያጠነክር ስፖርት ሥራ። ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ወራት ይፈጃል። ትንሽ ብትቀርም ምንም አትልህም፤ የጤነኛ ሰው ሆድ ነው።»

እኔ እፎይ አልኩ። እሱ ገና ከበሩ ስንወጣ ፊቱን አጠቆረ። «ወራት? ባለሱቁ ወራት የሚጠብቀኝ ይመስልሻል እትዬ?»

ይህን እራት ላይ ባሌ ሰማ። ጉርሻውን ሳይውጥ ሳቀ።

«ነርስ ስለ ሆድ ምን ታውቃለች? ስብ ማለት ስንፍና ነው። ከተደበደበ ይሄዳል። ነገ ክለብ ና።»

«ወንድሜ ምንጣፍ አይደለም፣ አቧራው የሚራገፍለት!» አልኩት።

ሁለቱም ሳቁብኝ። መርፌ ግን እየሳቀ ዓይኑ በርቶ ነበር። አባታችንን አያውቀውም። አባት ብሎ ያገኘው ባሌን ነው፤ «ጋሼ» ሲለው አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ጋሼ ገደል ግባ ቢለው የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነው።

የክለቡ ልጆች ያን ኳስ የቻሉት ስንት ጊዜ ሠርተው፣ ሆዳቸውን ማጠንከር ተምረው ነው። መርፌ በዕድሜው ከጥፊ ያለፈ ቀምሶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ኳሱ ሲያርፍበት ድምፁ እኔ ክፍል ድረስ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ ደንበኛዬ።

«ወንድሜ» አልኳትና ማበጠሪያውን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ በአራት እግሩ ሆኖ ያስታውካል። ባሌ ፀጉሩን ጨምድዶ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዞረና «ሊጥ!» አለ። ልጆቹም ተቀበሉት።

«ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት።

«ተይኝ እትዬ። አታዋርጂኝ።» አፉን በክንዱ ጠርጎ ተመልሶ በጀርባው ተኛ። ባሌ ኳሱን እንደገና አነሳ።

በየቀኑ ሄደ። ሆዱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ በለዘ ፍሬ ጠቆረ። ጎኑ ላይ የባሌ የጣት አንጓዎች ተራ በተራ ታትመው ይታያሉ። ሲያስል ሆዱን ይይዛል፤ ሸሚዝ ሲያወልቅ እያቃሰተ ነው። ቤት ውስጥ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የለም።

«ትገድለዋለህ!» አልኩት ባሌን።

«እኔንም እንዲህ ነው የሠሩኝ። ሞትኩ?»

እውነቱን ነው፣ እንዲህ ነው የሠሩት። የእሱ አሰልጣኝ በእንጨት ነበር የሚመታቸው፤ አንዱ ጆሮው እስከዛሬ በደንብ አይሰማም። ዱላ ያሳደገው ሰው ዱላ መድኃኒት ይመስለዋል። ይህን አልኩት። በሩን በርግዶ ወጣ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርፌ ሊጥ መባሉ አንገሸገሸው። ከልጆቹ አንዱ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሸሚዙን ወርውሮ «ጠንከር አድርገው ጋሼ» አለው። ባሌም ጠንከር አደረገው። ከግራ ጎድኑ ሥር አገኘው። መርፌ አፉን ከፍቶ አየር አጣ፣ ተንገዳገደ፣ ግን አልወደቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ሌሎቹ ተራቸውን ሲጨርሱ ተመለከተ። ከዚያ ባሌ ተመልሶ መጣና ሁለት ጣቱን ሆዱ ላይ ጫነ።

«ድንጋይ!»

ጩኸቱን ከክፍሌ ሰማሁት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አለቀ፣ ከዚህ በኋላ ይተወዋል አልኩ። የደንበኛዬን ፀጉር ግማሹን ጎንጉኜ ግማሹን እንደበተንኩ ልስመው ሄድኩ።

ልጆቹ ከበውት ጀርባውን ይደልቁታል። ሊጥ ሲለው የከረመው ሁሉ እጁን ይጨብጠዋል። ቀረብ ስል ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ያም ሆኖ ይስቃል።

«ድንጋይ ሆንኩ እኮ እትዬ።»

ሆዱን ነካሁት። እውነትም ጠንክሯል። ግን ተነፍቷል ደግሞ።

«እስቲ ፍታው» አልኩት።

«ፈትቼዋለሁ።»

አልተፈታም። እጁን ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። «ውሃ ስጪኝ» አለ። «ትከሻዬንም አመመኝ።» ግራ ትከሻውን ይዟል፤ ትከሻውን ደግሞ ማንም አልነካውም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ! አሁኑኑ!»

«ጡንቻ ነው» አለ ባሌ። «መጀመሪያ ሲጠነክር እንዲህ ያደርጋል። አስተኚው፣ ይለቀዋል።»

«እጁ በረዶ ሆኗል እኮ!»

«ገና ዛሬ ወንድ ቢሆን ልታስለቅሺው ነው?» ብሎ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ክንዱን መቃኑ ላይ ዘርግቶ በሩን ሞላው።

መርፌ ሊነሳ ሞከረ። ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ወደቀና ዓይኑ ወደ ላይ ሸሸ። ባሌ ዘሎ መጥቶ በጥፊ አላሰው። «ተነስ! ድንጋይ አይወድቅም!» ደገመው። የወንድሜ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

ያኔ ዓይኔ ደም ለበሰ። ሰዓት ያዡ የሚቀመጥበትን የእንጨት በርጩማ አነሳሁ። ባሌ አየኝና እንደልማዱ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አነሳ። ሲጠብቅ የኖረው ፊቱን ነው። እኔ ጉልበቱን መታሁት። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሲያጎነብስ ቅንድቡ ላይ ደገምኩት። ደሙ ዓይኑን ሞላው። ስሜን ጠራ፤ ሦስተኛው ላይ የበርጩማው እግር ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ፣ እሱም ሲሚንቶው ላይ ተዘረረ። ያቆምኩት ፈርቼ አልነበረም፤ ቢነሳ ኖሮ በተሰበረውም እወጋው ነበር።

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

«ምን ተገትራችኋል? ወንድሜን አንሱት!»

አነሱት። ባሌን ተራምደውት አለፉ። ታክሲው ውስጥ የመርፌ ራስ ጭኔ ላይ ነው፤ የባሌ ደም ከእጄ ግንባሩ ላይ ይነካካል። እየጮህኩ እጠራዋለሁ። አንዴ «እ» አለኝ። ከዚያ እሱንም ተወው።

ሐኪሙ ሆዱን ነካ ሲያደርገው ፊቱ ተለወጠ።

«መኪና ነው የገጨው?»

«ቤተሰብ ነው» አልኩት።

አልጋውን እየገፉ ይዘውት ሮጡ። ጣፊያው ተቀዶ ኖሯል፤ ሆዱን ያጠነከረው ደም ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ በውስጡ ለሚፈሰው ደም ነበር። ደም ያስፈልጋል ሲባል የክለቡ ልጆች አንድ ባንድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቅድም «ድንጋይ» ሲል ከሁሉም በላይ ይጮኽ የነበረው ልጅ የደም መቅጃውን መርፌ ሲያይ ራሱን ሳተ። ብስቅ ደስ ባለኝ። የቀዶ ጥገናው በር እስኪከፈት እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፈጣሪን ለመንኩት፣ ባሌን ረገምኩት፣ ባለሱቁንም አልማርኩትም።

ተረፈ። በማግስቱ ዓይኑን ገለጠ። ከደረቱ እስከ እምብርቱ ተሰፍቷል፤ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ አለ። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ሳረጥብለት አንድ ነገር አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሆዴስ?»

አንሶላውን ገለጥ አደረግሁ። ከስፌቱ በታች ያቺ ስብ እንዳለች አለች።

«አለች» አልኩት። «ምንም አልሆነችም።»

እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። በጥፊ ልለው እጄ በላኝ፤ ግንባሩን ሳምኩት። ያልቅስ፣ የሞተ ሰው አያለቅስም ብዬ ተውኩት።

በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። ባሌ ነው። ቅንድቡ ተሰፍቷል፣ ጉልበቱ በፋሻ ተጠምጥሟል፣ በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ከተጋባን ጀምሮ የትም ቤት አስፈቅዶ ሲገባ አይቼው አላውቅም።

«ልግባ?» አለ።

ወንድሜ በመድኃኒቱ ፈዝዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ድምፁን እንደሰማ ሁለት እጆቹን ከአንሶላው ሥር አውጥቶ ሆዱን ሸፈነ።

ባሌ አየው። መልሴን አልጠበቀም፤ እያነከሰ ተመልሶ ሄደ፣ እኔም አልጠራሁትም።