ወደ ትምህርት ቤቱ የቀረበው በር

እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በፈተና ብቻ የሚያስገባው የወንዶች ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ቀርቶት ነበር። የሂላሪ ድሩ ልጅ ሮዋንና የጎረቤቷ የፓድማ ልጅ አኒል ደግሞ እኩል ውጤት አመጡ። እንዲህ ሲሆን ቤቱ የሚቀርበው ልጅ ይገባል፤ የሚለካው ከቤቱ የፊት በር አንስቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ነው። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፤ በሮቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ነገሩ ሂላሪን እንቅልፍ ነሳት። ቅዳሜ ባሏን ኮሊንን፣ "በሩን ወደፊት አውጣው" አለችው።

"ወዴት ነው የማወጣው?"

"ወደ ትምህርት ቤቱ።"

ኮሊን ከሚስቱ ጋር መከራከር ካቆመ ቆይቷል። የመስታወት በረንዳ ሠራና በሩን ነቅሎ ጫፉ ላይ ገጠመው። ፓድማ የሻይ ኩባያዋን ይዛ ወጥታ ስታየው ቆየች።

"ያምራል። ለዝናቡ ነው?"

"ለዝናቡ ነው" አለች ሂላሪ።

ብዙም ሳይቆይ የፓድማም ቤት በረንዳ አወጣ፤ ከነሂላሪው በክንድ ይረዝማል።

"አንቺም ለዝናቡ?"

"በእኛ በኩል ይብሳል።"

ኮሊን ቀጠለበት። የፓድማ ባልም ቀጠለበት። ጽጌረዳው ተነቀለ፣ አጥሩ ፈረሰ፣ ሁለቱም በረንዳዎች እንደ ባቡር ፉርጎ ረዝመው የእግረኛው መንገድ ጫፍ ደረሱ። ፖስተኛው፣ "ድሮ እኔ ነበርኩ የምመጣው፤ አሁን እናንተ መጣችሁልኝ" አለ። ልጆቹ እንደሆኑ በረንዳው ውስጥ ኳስ እያንከባለሉ አብረው ይስቃሉ።

በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ የምዝገባ ክፍል ሚስተር ፔንፎልድ የሚባል ረጋ ያለ ሰው መለኪያውን ይዞ መጣ። ለካ። ደግሞ ለካ።

"እኩል ናችሁ" አለ።

"ትንሽ ገፋ ብናደርገውስ?" አለች ሂላሪ።

"ወይዘሮ ድሩ፣ ከዚህ ካለፈ አውቶቡስ ይገጨዋል።"

ያለው አማራጭ ዕጣ ነበር። እዚያው መንገድ ዳር፣ ሁለቱ እናቶች ቆመው እያዩ፣ ከሚስተር ፔንፎልድ ባርኔጣ ውስጥ የሮዋን ስም ወጣ።

ሂላሪ እልል ልትል ስትል የፓድማን ፊት አይታ ተወችው። ፓድማ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ በሯን ከፍታ ገባች። በረንዳው ግን ረጅም፣ ግድግዳውም መስታወት ነውና ቶሎ ከዓይን መጥፋት አልቻለችም። ሁሉም ጀርባዋን እያዩ ቆሙ፤ ሚስተር ፔንፎልድ ባርኔጣውን መልሶ ማድረጉን ረሳው። ሂላሪ ያን ቀን ሁለት ጊዜ የፓድማን በር ልታንኳኳ ሄዳ ተመለሰች። በሦስተኛው አንኳኳች።

"ተናደሻል?"

"በጣም" አለች ፓድማ። "ግቢ፣ ሻይ ጥጃለሁ።"

መስከረም ላይ ሮዋን ትምህርት ጀመረ። ማታ ሲመለስ ሂላሪ ክራባቱን እየፈታችለት፣ "ዛሬ ምን ተማርክ?" አለችው።

"ርዕሰ መምህሩ ሲገባ መነሳት።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"አልገባም" አለ ሮዋን። "ስንጠብቀው ዋልን።"