እጥፉ የተረሳ መጋረጃ

"አሥራ ሁለት አልጋ፤ በአንዱ ዙሪያ አምስት ሜትር ብረት..." እያለች በሆስፒታሉ የሕሙማን ክፍል ስትቆጥር የነበረችው መጋረጃ ሰፊ ድንገት ቆጠራዋን አቋረጠች። ስልሳ ሜትር። ለሆስፒታሉ በላከችው ፕሮፎርማ ላይ የጨርቁ ልክ ብላ የጻፈችውም ስልሳ ሜትር ነው። የብረቱን ርዝመት የጨርቅ አድርጋ ጽፋዋለች። መጋረጃ ግን ተሸብሽቦ ነው የሚሰቀለው፤ ጨርቁ የብረቱን እጥፍ ካልሆነ አይሆንም። ሃያ ዓመት የሰፋች ሴት ይህን ትስታለች?

አንዱ ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለች መሰላሉን የያዘችላት ልጇ።

"እጥፉን ረስቼዋለሁ።"

ልጅቷ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። "ሌላ ስልሳ ሜትር ከኪሳችን እንጨምር ልትዪኝ ነው? የኛ ኪስ እኮ ከቀዳዳው በቀር ምንም የለውም!"

"ቀስ በይ፤ ይሰማል።"

በበሩ መስታወት፣ ኮሪደሩ ላይ ሌላ መጋረጃ ሰፊ ይታያል፤ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። ዋጋዋን ከፍ ብታደርግ ሥራው የእሱ ነው። ሥራው ከቀረ ደግሞ ሱቁም ይቀራል፤ አከራዩ "እስከ ቅዳሜ ኪራዩን፣ ካልሆነ ቁልፉን" ብሏል።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። "ሳንሸበሽብ ዘርግተን እንስፋው። ማን ልብ ይላል?"

ጥግ ላይ ያለው አልጋ አሮጌ መጋረጃ ገና አልወረደም። እናትየው ተነስታ ሳበችው። በዚህ ሲዘጋ በዚያ ተከፈተ። እንዲህ ያለውን ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሌላ ሆስፒታል፣ የባሏን አልጋ መጋረጃ ሁለት ጫፍ በእጇ ገጥማ ይዛ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቆማለች፤ የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች ብርቱካን እየላጡ ያዩ ነበር። ለልጇ የነገረቻት፣ "አባትሽ ሳይጨነቅ ነው ያረፈው" ብላ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። የአስተዳደር ኃላፊው ውሉን ይዞ ገባ። "እትዬ፣ ዋጋዎ አሸንፏል። ቶሎ ይፈርሙልኝ፤ ስብሰባ አለብኝ።"

ብዕሩን ተቀበለች። ስልሳ የሚለውን ሰርዛ መቶ ሃያ ጻፈች፤ ድምሩንም አስተካክላ ከጎኑ ፈረመች።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ተሳስቼ ነበር፣ ጌታዬ። በስልሳው አይዘጋም።"

"ይሄ እኮ ሌላ ዋጋ ነው! እንግዲህ ውጭ ያለውን ሰውዬ ማየቴ ነው።"

"ይዩት" አለች። "ግን የእሱ መጋረጃ ጫፍና ጫፉ ይደራረብ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።"

ኃላፊው ወረቀቱን እያገላበጠ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

"ተዪው" አለቻት እናቷ። "የጥጉን አልጋ ገና አልለካንም።"