ከአማካሪሽ አስፈርሚ

ዶክተር ዊምስ አያነብም። ይህን የምለው ሰውየውን ለማማት አይደለም። ማማቱንማ አማዋለሁ፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ የኛን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ጥናት ያስተምራል፣ የሌላውን ጥናት ይዘነጥላል፣ በየስብሰባው ተነስቶ ስለ ጥናት ይሰብካል። ማንበቡን ግን ከተወው ቆይቷል። ማንበብ የልጆች ሥራ ነው ብሎ ያምናል መሰለኝ።

ልጆች የሚለን እኛን ነው። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርን ጎን ለጎን ተመራማሪ እንድንሆን የተመረጥን ሬዚደንቶች ነን። ሌሎቹ ከጧት እስከ ማታ በሽተኛ ሲያዩ፣ ለኛ ከሳምንቱ ላይ ለምርምር ተብሎ ጊዜ ይቆረስልናል። የዚህ ሁሉ አባት ዊምስ ነው። ኮሪደሩ ላይ የዘር ሐረግ አሰቅሏል። ግንዱ ላይ የራሱ ፎቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ እሱ ያሳደጋቸው ፕሮፌሰሮች፣ ከነሱ በታች ደግሞ እነሱ ያሳደጓቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት መነጽር አድርገው በከንፈራቸው ጥግ ፈገግ ብለዋል። የገባን ቀን እዚያ ሥር አቁሞን "አንድ ቀን እናንተም እዚህ ትሰቀላላችሁ" አለን፣ ልክ መንግሥተ ሰማያት እንደሚሰጠን።

እኔ ኖሪን ፓቹልስኪ እዚህ የገባሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሰዎች ተጨንቀው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ስንት ቀን ሲያመነቱ ከርመው ሐኪም ዘንድ ይመጣሉ። ከዚያ አንዴ ታይተው ይጠፋሉ። ለምን? ጥያቄውን የሰጠኝ ሚስተር ክሩፓ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሚስቱ ሞታበት አንድ ጊዜ ወደ ክሊኒካችን መጥቶ በዚያው ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት።

"ምን ልበልሽ የኔ ልጅ" አለ ሾርባውን እያማሰለ። "ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። አይቶ አይቶ ይጽፋል፣ ጽፎ ጽፎ ያያል። እኔማ የታመመው ኮምፒውተሩ መስሎኝ ጥዬለት ወጣሁ።"

ሳቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን አለቀስኩ። እንደ ክሩፓ ያሉትን ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠየቅ፣ ከዚያም አንድ ነገር ቀይሮ መሞከር፤ ጥናቴ ይኸው ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም።

ዊምስ ግን ማሽን አለው። ክፍሉ በስንት ልመና ያስገዛው የአንጎል ፎቶ ማንሻ፣ ኤምአርአይ። ማሽኗ ሥራ ፈት እንዳትባል በውስጧ ሰው መተኛት አለበት። ስለዚህ ምንም ጠይቅ ምን፣ መልሱ ማሽኗ ውስጥ ነው። ስለ ድህነት የጠየቀ ሬዚደንት ነበር፣ ማሽኗ ውስጥ ገባ። ስለ እስረኞች የጠየቀችም ገባች። የእኔን ጥያቄ ለዊምስ የነገርኩት ሊፍት ስንጠብቅ ነው። "ግሩም ነው! ማሽኗን አስገቢበት" አለኝና ሊፍቱ ዋጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ አማካሪዬ ሆኖ ከሰጠኝ ምክር ይህ ረጅሙ ነው።

አስገባኋት። ምን ላድርግ? ያለ አማካሪ ፊርማ ፕሮፖዛል አይላክም፣ ፕሮፖዛል ካልተላከ የድጋፍ ገንዘብ የለም፣ ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ስመረቅ ምርምር የሚባል ነገር አከተመ። ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ተቀምጬ ኮምፒውተር ሳይ ልኖር ነው። እናም ቀርቶ የጠፋውን ሰው ማሽን ውስጥ አስተኝቶ የአንጎሉን ፎቶ ማንሳት የሚል ክፍል ጨመርኩ። መጀመሪያውኑ አልመጣም ያለውን ሰው! ስጽፈው እጄ አፍሮ ነበር።

ፕሮፖዛሎቹ ከመላካቸው በፊት የልምምድ ችሎት አለብን። መምህራኑ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑትን የዋሽንግተን ገምጋሚዎች መስለው ይዘነጥሉናል። ለፍትሕ ሲባል ከወረቀቱ ላይ ስማችን ይፋቃል፣ የአማካሪዎቻችንም ስም ይፋቃል። እኛ ሬዚደንቶች ግድግዳውን ተደግፈን እንቀመጣለን፣ መናገር ክልክል ነው። የተናገረ የዘንድሮ ዕድሉን ያጣል። ዶናት መብላት ይፈቀድልናል።

ሰብሳቢው ዊምስ ነው። ያን ወንበር ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ድሮ ዋሽንግተን እውነተኛው ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ነበርና ያን ጊዜ የለመደው ቁጣ ይመጣበታል። የእኔ ሁለተኛ ሆኖ ቀረበ። የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው ገለጠና መነጽሩን አወለቀ።

"ይቺ ማሽን እዚህ ምን ትሠራለች?" አለ። "ጥያቄው ሌላ፣ ማሽኗ ሌላ! ያልተጠራች ዘመድ ድግስ ላይ ስትገባ እንዲህ ነው። ሰውየው አልመጣም እያለ በምን ሒሳብ ነው ማሽን ውስጥ የሚተኛው?"

ከጎኑ የተቀመጠችው ዶክተር ማርሽ የማን ፕሮፖዛል እንደሆነ፣ ማሽኗን ማን እንዳስገባት ጠንቅቃ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃሉ። አንዱ ጫማውን አየ፣ ሌላው ቡናውን አማሰለ፣ ማርሽ እስከ ጆሮዋ ቀላች። አንድ ትንፍሽ ያለ የለም። ፕሮፌሰር የሚባሉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ!

"ልጁን አልወቅስም" ቀጠለ ዊምስ፣ ድምፁን አባታዊ አድርጎ። "ልጅ የተባለውን ያደርጋል። እኔ የምጠይቀው አማካሪው ማን እንደሆነ ነው። ይህን አንብቦ ዝም ያለ ሰው ማስተማር የለበትም!"

ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል አብሮኝ የሚማረው ኦዴል እግሬን ረገጠኝ።

"ተይ" አለኝ በጥርሱ መሃል። "ዶናትሽን ብዪ።"

"ለአማካሪው ይመለስ" ፈረደ ዊምስ። "አርሞ እስከ ዓርብ ከፈረመበት ይሄዳል። አለዚያ ዘንድሮ የለም።"

ስንወጣ ኦዴል ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። እሱ የእንቅልፍ ጥናቱ አልፎለታል፣ ምን አለበት! "ኖሪን፣ እኔ ልሙት፣ ሰውየው ራሱን ከሥራ አባረረ እኮ!" አለኝ።

"ሂድ ከፊቴ" አልኩት።

በማግስቱ ዊምስ ቢሮው አስጠራኝ። ክንዱን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

"ኮራሁብሽ! የእንቅልፉ ጥናት፣ ድንቅ ነው። የኔ ልጅ መሆንሽ ከሩቁ ያስታውቃል።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ሦስት ዓመት! ምን እንደማጠና አያውቅም። ከኦዴል ጋር ተምታትቼበታለሁ፣ ኦዴል ደግሞ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጺማም ወንድ ነው።

"የእንቅልፉ የእኔ አይደለም ዶክተር። የእኔ ሁለተኛው ነው። እርስዎ የመለሱት።"

ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ሞኝ ነኝ። ፊቱ ላይ አንዲት ነገር ብልጭ አለችና ጠፋች።

"አዎ፣ አዎ" አለ። "ሆን ብዬ ነው ጠንከር ያልኩት። ለሌላ ቢሆን አልደክምም ነበር። ስሚኝ፣ ችግሩ ማሽኗ አይደለችም፣ ያስገባሻት መንገድ ነው። ቦታዋን ፈልጊላት። አስተካክለሽ አምጪና እፈርማለሁ።"

ቤቴ ገብቼ ቀዝቃዛ ፒዛ እየበላሁ እንደ እብድ ብቻዬን ተሳደብኩ። ስድቡ ሲያልቅብኝ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ቦታዋን ፈልጊላት ብሎኝ የለ? ቦታዋ ውጭ ነው። ማሽኗን ከነዘመዶቿ ነቅዬ ጣልኳት፣ አንዲት ቃል አላስቀረሁላትም። ርዕሱን ቀየርኩ። መግቢያው ላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ የሚስተር ክሩፓን ንግግር እንዳለ አስቀመጥኩ፦ የታመመው ኮምፒውተሩ መስሎኝ ጥዬለት ወጣሁ።

ዓርብ ጧት ወሰድኩለት። አንድ መስመር ቢያነብ አለቀልኝ፦ ማሽኗ የለችም፣ ትእዛዙ ተጥሷል፣ ፊርማ የለም። ከዚያ ወዲያ ክሩፓን የሚጠይቀው አይኖርም።

ስልክ እያናገረ ነበር። ስልኩን በትከሻው ይዞ ገጾቹን በአውራ ጣቱ ፈር ፈር አደረጋቸው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና ክሩፓ ላይ ቆመ። ዓይኑ እዚያ ነው።

ብዕሩን አነሳና መጨረሻው ገጽ ላይ ፈረመ። ስልኩን በእጁ ከድኖ ፈገግ አለልኝ፣ በከንፈሩ ጥግ፣ ልክ እንደ ፎቶው።

"አየሽ?" አለኝ። "አሁን ማሽኗ ቦታዋን አገኘች።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ሁሉም በእርስዎ ምክር ነው ዶክተር" አልኩት።

ደስ አለው። ኮሪደሩ ላይ የኔም ፎቶ እንዲሰቀል ያን ቀን አዘዘ።