ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ደምሴ የዘምዘምን የምሽግ ንድፍ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ እያየ ሻዩን ረስቶታል። የኔ ንድፍ ሲኒው ሥር ተቀምጧል።

«አምስት መደብ!» አለ። «ለጌታው፣ ለእንግዳው፣ ለዘበኛው፣ ሁሉም የየራሱ። ጠላት ቢገባ ማን የት እንደሚቀመጥ አያውቅም!»

ጨዋታው የደምሴ ነው፤ ሕንዳዊ ባልደረባችን አገሩ ሲመለስ ከተወለት መጽሐፍ ነው ያገኘው። እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ አራታችንም መምህራን ሐረር ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት እንገናኛለን። ደምሴ ይተርካል፤ ሽፈራው፣ ዘምዘምና እኔ ጦረኞችና አስማተኞች ሆነን ቁጥር ያለበት ጠጠር እንጥላለን። ዘንዶ የገደለ ድንጋይ ያገኛል፤ ድንጋይ ያጠራቀመ ምሽግ ይሠራል። ምሽጉ በደምሴ ዳኝነት ያሸነፈለት ደግሞ የሚቀጥለውን ታሪክ ከደምሴ ጋር ይነድፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሁለቱ ብቻ። እኔ የፈለግሁት ይህንን ነበር። ድንጋዩ ምኔም አይደለም።

አራት ማማ፣ ድርብ ግንብና ውኃ የሞላ ቦይ ሠርቻለሁ፤ ልኬቱም ትክክል ነው። ዘምዘም የሣለችው ጁገል ግንብ ውስጥ የተወለደችበትን ቤት ነው። ይህ ምን ድካም አለው?

«ይቺ መስኮት ወደ መንገድ ታያለች፣ ላጥፋት» ብላ ምላጭ አነሳች።

«አይቻልም» አልኩ። «በቀለም የተሠራ በከበባ ካልሆነ አይፈርስም።»

«ሕጉ ነው» አለ ደምሴ። ቀጥሎ ግን፣ «ከሐረር ቤት አንድ ነገር ያስገባ ተጨማሪ ነጥብ አለው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከአሁን። አንቺም ጨምሪ።»

ብዕሩን ነጠቅሁት። አንዷ ተማሪዬ ቤት ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ አይቻለሁ። ከምሽጌ ትልቅ በር በላይ ሁለት ሣልሁ፣ ከነጌጣቸው።

ዘምዘም አፏን በእጇ ያዘች። «ወላሂ፣ ሰጊ!»

«ምን ያስቃል? ያንቺ በር ላይ ስለሌለ ነው?»

«ከኛ በር ላይማ ወረደ። ባለፈው ወር ለሐሰን ታጨሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እሱ ምንጣፍ የሚሰቀለው ለባል የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ ስትኖር ነው። ሽማግሌ ላኩ ማለት ነው።»

ሽፈራውን ሻዩ ትን አለው። «ጓድ ሰገነት፣ ሁለት ምንጣፍ! ሽማግሌዎቹ ቦዩን በዋና ይሻገሩት?»

ዘምዘም ታጭታለች። ስንት እሑድ በከንቱ ተቃጠልሁ! ፊቴ ጋለ፤ ምላጩን አነሳሁ። ደምሴ ወረቀቱ ላይ እጁን አሳረፈ። አልሳቀም፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«በከበባ ካልሆነ አይፈርስም» አለ።

«እንግዲያው ክበበው!» አልኩት።

ወረቀቴን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ያሸነፈችው ግን ዘምዘም ናት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ መንደፍ ጀመረች። መታጨቷን እያወቅሁም ቀናሁ።