ባዶው ሳህን

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማን ያበላዋል? ተማሪው ሻንጣውን ዘግቶ፣ ፓስፖርቱን በደረት ኪሱ ከትቶ፣ ታክሲው ከደጅ ጥሩምባውን እየነፋ እንኳ የሚያስጨንቀው ይኸው ነበር። የሚበላው ደግሞ ሕፃን አይደለም፤ ድመትም አይደለም። በኩሽናው መስኮት ላይ፣ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ፣ ኩፍ እያለ የተቀመጠ የዳቦ እርሾ ነው።

«በየጠዋቱ ሁለት ማንኪያ ዱቄት፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ። ለብ ያለ ውሃ እትዬ፣ ቀዝቃዛ እንዳታደርጊበት» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ስማኝማ» አለች ታላቅ እህቱ፣ የመለኪያ ሜትሯን ካንገቷ ሳታወርድ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩን ሳታጠልቅ የምትውልበት ቀን ካለ እሱ አላየውም። «አንተን ከሰባት ዓመትህ ጀምሬ አብልቼ አሳድጌ ጠርሙስ ማብላት ያቅተኛል? ሂድ አሁን ዶክተሬ። አውሮፕላን እንደ እኔ አይለማመጥህም።»

ዶክተር አልሆነም። ገና ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ የዶክትሬት ተማሪ ነው። «ገና እኮ ነኝ» ሲላት «ምላሴን እያለማመድኩት ነው» ትለዋለች። ለጉዞው የለበሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት የሰፋችው እሷ ናት፤ ቁልፎቹን ሁለት ጊዜ ነቅላ ተክላቸዋለች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የተለቀመ ቲማቲም ሳይውል ሳያድር ሻጋታ ይበላዋል። ይህን ሻጋታ የሚያሸንፍ እርሾ በአንድ የዱር ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ይኖር ይሆን? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ቅጠሉን ይለቅማል፣ ያጥባል፣ እጣቢውን ሻጋታ በተዘራበት የመስታወት ሳህን ላይ ጠብ ያደርጋል፣ ክዳኑን ገጥሞ ይጠብቃል። ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ ባዶ ሳህን አለ፤ ሻጋታው ተዘርቶበት ቅጠል ያልነካው፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ጠብ ያለበት። ባዶው ሳህን ምስክር ነው። እሱ ላይ ከሻጋታው በቀር ሌላ ነገር ከበቀለ የበቀለው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሠራተኛው እጅ ነው ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሻጋታው አሸነፈ። ሳህን በሳህን ላይ ተደረደረ፤ ሁሉም አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ ወጣ። ተማሪው እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ «መድኃኒት አላዝልህም፤ ከሥራህ ውጭ እጅህ የሚወደው ነገር ፈልግ» ተባለ። ጊታር ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ክሩ ተበጠሰ፤ ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ጸሎታቸው የተሰማላቸው ያህል ደስ አላቸው። ዋና ጀመረ፤ ጆሮው መገለ። በመጨረሻ ዳቦ መጋገር ያዘ፤ ይኼኛው ሰመረለት። ሊጥ ሲያሽ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ አላለም። የላቦራቶሪው ጋውን እጅጌው እያጠረበት እህቱ ልኩን ሰፍታለት ነበር። ሌላው ሰው ጋውኑን እዚያው ሰቅሎ ይሄዳል፤ እሱ ግን የእህቱ እጅ ሥራ እንዳይጠፋበት እየሳሳ ወደ ቤት ይዞት ይገባና ከኩሽናው በር ጀርባ ይሰቅለዋል። ጠዋት ሊጡን አሽቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ጋውኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። እጁን ያጥባል፤ ጋውኑን ግን ማን ያጥበዋል?

ዳቦ በጀመረ በወሩ ከአንዱ ሳህን ላይ ነጭ ነጠብጣብ በቀለ፤ በዙሪያውም ሻጋታው ሸሽቶ ጥርት ያለ ቀለበት ሠራ። የሚያማክሩት ፕሮፌሰር፣ ሰው ሲያመሰግኑ ታይተው የማይታወቁ ሴት፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ብዙ ቆዩና «ጎሽ» አሉ። እህቱም ፎቶውን አይታ «የሰው ወንድም በዚህ ዕድሜው ለሴት ቀለበት ያስራል፤ የኔው ለሻጋታ!» ብላ ሳቀች። ሥራው ለትልቅ ጉባኤ ተላከ፤ ተቀባይነት አገኘ፤ ቲኬት ተቆረጠ።

ስለ ሁለቱ ባዶ ሳህኖች ግን ለማንም አልተናገረም። አንድ ማክሰኞ ባዶው ላይ ያው ነጭ ነጠብጣብ በቅሎ አገኘው። «ክዳኑን ሳልገጥመው ቀርቼ ይሆናል» ብሎ ጣለው። ከአሥር ቀን በኋላ ደገመው። ያን ጊዜ ቆም አለ። መዝገቡን ገለጠ፤ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሳህኑን በወረቀት ጠቅልሎ ከቆሻሻው ሥር ቀበረው።

በጉባኤው ስድስተኛ ቀን፣ እሱ ሊናገር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ስልኩ ጮኸ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ አልኮል» የሚላቸው። የበሩን እጀታ ሳይቀር በአልኮል ሳይወለውሉ አይነኩም። ሲሄድ ተጨማሪ ፎቶ እንዲያነሱለት፣ ሙከራውን ደግመው እንዲሠሩለት ለምኗቸው ነበር።

«ምሳ በላህ?» አሉ።

«ልበላ ነው ጋሼ። ፎቶው ደረሰ እንዴ?»

«ፎቶ የለም። ያንኑ ቅጠል፣ ያንኑ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ቀለበት ፍለጋ ዓይኔ ጠፋ።»

«ቅጠሉ ደርቆ ይሆናል…»

«ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ሰኞ የኔ ጋውን እጥበት ገባ። አንተ ለመንገድ ስትጣደፍ ያንተን እዚህ ረስተኸው ሄደሃል፤ እሱን ለበስኩ። እጅጌውን ስሰበስብ ዋልኩ! ዛሬ ባየው በቅሏል፤ ቀለበቱ ከነግርማው። ደስ ብሎኝ ልደውልልህ ስልኬን አንስቼ፣ እስቲ ባዶውን ልየው አልኩ። ባዶውም ላይ በቅሏል።»

ተማሪው በእጁ ወንበር ፈለገ።

«የሰው ልብስ ማሽተት ነውር ነው፤ ይቅር በለኝ። አሸተትኩት። ዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ይላል፣ ልጄ።»

«ለፕሮፌሰሯ ነግረዋቸዋል?»

«የኔ ወግ አይደለም። ያንተ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባዶው አንተ ጋ አንድም ቀን በቅሎ አያውቅም?» አሉ።

ተማሪው ስልኩን ከጆሮው አራቀ፤ ጋሽ አልኮልም ሌላ አልጠየቁም። «በል ምሳህን ብላ» ብለው ዘጉ።

ምሳ ከየት ይውረድ? መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈ። የኮቱን እጅጌ አሸተተ፤ አዲስ ጨርቅና የእህቱን ካውያ እንጂ ሌላ አይሸትም። ውሃ ከፍቶ እጆቹን ከሥሩ ይዞ ቆመ።

ዝም ቢል? ጋሽ አልኮል ቢጠየቁ አይዋሹም፤ ያ መንገድ ዝግ ነው። ግማሹን ቢናገር ግን? «የጋውን ስህተት ነው፣ አሁን ገና ደረስንበት» ቢል ማን ይፈርድበታል? እንዲህ ያለው በማንም ይደርሳል፤ እንዲያውም በቅንነቱ ያጨበጭቡለታል። ሁለቱን ሳህኖች ቆሻሻው በልቷቸዋል። የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነበር፤ ልክ እንደ ሊጥ። ወደ መድረኩ እስኪጠራ ድረስ በሆዱ ሲያሸው ቆየ።

አዳራሹ ውስጥ ፕሮፌሰሯ ከፊት ተቀምጠው በጎናቸው ላለ ሽማግሌ እሱን በአገጫቸው ሲጠቁሙ አየ። «የኔ ነው» እንዳሉ ከከንፈራቸው አነበበ።

የመጀመሪያውን ፎቶ አወጣ። ያ ቀለበት እንደ ጨረቃ ግድግዳውን ሞላው።

«ይሄ…» አለና ምላሱ ተሳሰረ። «ይሄ የዱር እርሾ አይደለም። የኔ ዳቦ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ተናጋሪው በቀልድ የጀመረ መሰላቸው። አንድ ወፍራም ሰው «ቅቤ አለው?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ። ፕሮፌሰሯም ፈገግ አሉ።

«ቀልዴን አይደለም» አለ። ስለ ኩሽናው፣ ስለ በሩ ጀርባ፣ ስለ ጋውኑ ተናገረ። ሳቁ እየሳሳ መጣ። አንዳንዱ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ ፊታቸው ሁሉ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» ይል ነበር። የፕሮፌሰሯ ፊት እንኳ ነጣ እንጂ አልጠቆረም።

«ደግሞ» አለ። «ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። ባዶው ሳህን ላይ ሁለት ጊዜ በቅሎብኝ ነበር። ሁለቱንም ጣልኩ። አልጻፍኳቸውም።»

አሁን የሳቀም፣ ያዘነም አልነበረም። ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ፕሮፌሰሯ ቦርሳቸውን አንስተው፣ ወንበሩን እንዳያንኳኩ ተጠንቅቀው፣ ወጡ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መስኮት ዳር ቆመው አገኛቸው።

«የጋውኑን ይቅር እልህ ነበር» አሉ ሳይዞሩ። «እኔም በልጅነቴ ከዚያ የባሰ አበላሽቻለሁ። ቀኖቹን ታስታውሳቸዋለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«መዝገቡ ላይ አስገባቸው። ስሜን ደግሞ ከዚህ ሥራ ላይ አውጣ።» ቀጥለውም፣ «ከእኔ ጋር ትቀጥል እንደሆነ አላውቅም። እንዳትጠይቀኝ፤ እኔ እጠራሃለሁ» አሉት።

ቤቱ ሲደርስ እህቱ በሩን የከፈተችው ጠርሙሱን በእጇ እንደያዘች ነበር። እርሾው አፉን አልፎ በጎኑ ፈስሷል።

«ዶክተሬ! ይኸውልህ፣ ካንተ በልጦ ወፈረልኝ። እሱስ ሲበላ አያማርጥም!»

ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነገራት። ጠርሙሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እኔ የሰፋሁት ጋውን ነው ጉድ የሠራህ?»

«አይደለም እትዬ። ጋውኑ ምን አጠፋ? ሳህኖቹን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ፔዳሉን ግን አልረገጠችም። የጀመረችውን ክር በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ በስሙ ጠራችው።

በስሙ ከጠራችው ዓመታት አልፈው ነበር። ደንገጥ ብሎ ዞር አለ፤ ሌላ ሰው የተጠራ ነበር የመሰለው።

«ኮቱን አውልቀው» አለችው። «ይሰቀል።»

አውልቆ ሰጣት። ከሻንጣው መዝገቡን አውጥቶ የኩሽናውን ጠረጴዛ ከዱቄት ጠረገና ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ቀን ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለተኛውን። ከየቀኑ ጎን እንዲህ አለ፦ «ባዶ ሳህን። በቅሎበት ነበር። ጣልኩት።»

እጁ እየተንቀጠቀጠ ፊደሉ ተጣሞ ወጣ። ግን ይነበባል።